ክፍል ሁለት ለምትሠሩ፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ጓሳ ያየነው

የልዕለ ጀግና ፊልማችን ክፍል ሁለት ቀረጻው ተጠናቆ አሁን ቅንብር ላይ ይገኛል። ክፍል አንድን የሠራነው ደብረ ብርሃን ውስጥ የምንተዋወቅ ጥቂት ጓደኛሞች ተሰባስበን ነበር፤ ውርጭን ማዘዝ ስለቻለ የአንድ የመንዝ ሸማኔ ልጅ የሚተርክ ፊልም ነው። አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ አየው። በዩቲዩብ ከተጫነ በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ የሚያገኘን ሁሉ «ክፍል ሁለት መቼ ነው?» ይለን ጀመር። ጥያቄው ደስ ይላል፤ መልሱን ለመስጠት ግን ዓመታት ፈጀብን።

እኔ የፕሮዳክሽን ማናጀር ነኝ። ውሉም፣ ሒሳቡም፣ መጓጓዣውም፣ ምሳውም በእኔ እጅ ያልፋል። ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት እየደወሉ ምክር የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ፤ አንድ ፊልም ሠርተው ተከታዩን ያሰቡ ናቸው። ፊልም እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር ሞልቷል፤ ተከታይ ፊልም ግን ሌላ ፈተና አለው። የመጀመሪያው ሲሠራ ሳይጻፍ የቀረ ስምምነት፣ ሳይቀመጥ የጠፋ ዕቃና ሳይፈጸም የቀረ ቃል ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃችኋል። እኛ ያሳለፍነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ቢያንስ እናንተ በዚያ መንገድ አትለፉ።

ከሁሉ በፊት የመጣው «ገጸ ባሕርዩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። የክፍል አንድን ድርሰት የጻፈው ጓደኛችን በመሐል ከቡድኑ ወጥቶ ነበር። ከእሱ ጋር የነበረን ስምምነት በቃል ነው፤ ጥቂት ብር ተቀበለ፣ ተጨባበጥን፣ አለቀ። ክፍል ሁለትን መጻፍ መጀመራችንን ሲሰማ «ልጁ የእኔ ነው፤ ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት ቃል አይናገርም» አለ። ቡድኑ በሙሉ ተቆጣ። የሕግ ባለሙያ ዘንድ ስንሄድ ግን ቁጣችን በረደ፤ ነገሩ እኛ እንዳሰብነው አልነበረም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው መብት የሚጀምረው ከደራሲው ነው፤ ይህን መብት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የሚቻለውም በጽሑፍ ነው። አንድን ድርሰት ወደ ፊልም እንድትቀይሩ የፈቀደላችሁ ሰው ገጸ ባሕርዩን ለዘለዓለም ሰጥቷችኋል ማለት አይደለም።

ፍርድ ቤት ብንሄድ ወዳጅነቱም ፊልሙም አብረው ይቀበሩ ነበር። ሽማግሌ ላክን። በአባቱ ቤት ተቀምጠን ሁለታችንም ወገኖች የልባችንን ከተናገርን በኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ «ልጁን የወለደው እሱ ነው፤ ያሳደጋችሁት እናንተ ናችሁ። ወላጅም አሳዳጊም ባዶ እጁን አይሄድም» አሉ። በዚህ ተስማማን፤ ስሙ በፊልሙ መግቢያ ላይ ይጻፋል፣ ከገቢው ድርሻ ያገኛል፣ እኛ ደግሞ ክፍል ሁለትንና ክፍል ሦስትን የመሥራት መብት አለን። በዚያው ሳምንት ስምምነቱን በውል አሰፈርነው፤ ምስክሮችም ፈረሙበት።

ስለዚህ የመጀመሪያ ፊልማችሁን ገና ከሆነ የምትጀምሩት፣ ውሉ ላይ «ይህ ፊልም» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። የገጸ ባሕርዩ ስም፣ መልኩ፣ አለባበሱ፣ ምልክቱ፣ ተከታይ ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፣ የሥዕል መጽሐፍ እያላችሁ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። አንድ ሰው ከቡድኑ ሲወጣ ድርሻው ምን እንደሚሆንም ጻፉ። ድርሰቱን ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም ይቻላል፤ ክርክር ሲነሳ ማን ቀድሞ እንደጻፈው ማሳያ ይሆናችኋል። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ውል አያስፈልገንም አትበሉ። ውል የሚያስፈልገው ጓደኝነቱ እንዲቆይ ነው።

የውሉ ጉዳይ እልባት እንዳገኘ ዋናው ተዋናያችን ለትምህርት ከአገር ወጣ። ደስ ብሎን ሸኘነው፤ ድርሰቱ ግን ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ የቆመ ነበር። ሌላ ልጅ እንፈልግና የጀግናው ልብስ በሆነው በበርኖሱ ቆብ ፊቱን እንሸፍነው ተባለ። ሞከርነውም። ቁመቱ አንድ ነው፣ ትከሻው አንድ ነው፤ አረማመዱ ግን ሌላ ነው። የሙከራውን ቀረጻ ፊልሙን ለሚወዱ ልጆች ስናሳያቸው ገና ሦስት እርምጃ ሳይሄድ «ይሄ እሱ አይደለም» አሉ። ተመልካች የወደደውን ሰው በፊቱ ብቻ ሳይሆን በእግሩ አጣጣልም ያውቀዋል።

በዚያ ሰሞን «ብላክ ፓንተር» ስለተባለው የአሜሪካ ልዕለ ጀግና ፊልም ብዙ ተነጋገርን። ዋናው ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሲያርፍ የፊልሙ ሠሪዎች ቦታውን ለሌላ ተዋናይ አልሰጡም። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ድርሰቱን ከተባባሪ ጸሐፊው ጋር እንደገና ጽፎ ቦዝማን የተጫወተው ንጉሥ መሞቱን የታሪኩ መነሻ አደረገው፤ ተከታዩ ፊልም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ወጣ። የእኛ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለ፤ ሐዘናቸውን ከእኛ ችግር ጋር ማነጻጸር አይገባም። አንድ ነገር ግን ከእነሱ ወሰድን። የሌለውን ሰው እንዳለ አድርጎ ከመደበቅ፣ መሄዱን የታሪኩ አካል ማድረግ ይሻላል። ማን ይተካዋል የሚለውን ግን ለጊዜው ማናችንም አላወቅንም።

መልሱ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ወደ መንዝ በሄድንበት ጊዜ ነው። የጀግናችን ልብስ በርኖስ ነው፤ ከጥቁር በግ ፀጉር የተሠራ፣ አንዱ ትከሻው ላይ ሹል ጫፍ ያለው፣ የመንዝ ሰው ለብርድ የሚደርበው። የክፍል አንዱ በርኖስ ቀረጻው ካለቀ በኋላ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ተኮማትሯል፤ ሱፍ ሙቅ ውኃ አይችልም። ስፋቱንና ርዝመቱን የለካው ሰው የለም። ክፍል ሁለት ደግሞ የሚጀምረው ክፍል አንድ ካበቃበት ደቂቃ ነበርና አዲሱ በርኖስ ከአሮጌው ጋር በመልክም በመጠንም አንድ መሆን ነበረበት። የድሮውን ፊልም እያቆምን፣ የበርኖሱን ጫፍ ከተዋናዩ ጉልበት ጋር እያስተያየን መጠኑን ገመትንና ወደ አንድ አዛውንት ሸማኔ ቤት ሄድን።

አዛውንቱ ምስሉን በስልክ አይተው «ይህ የእኔ እጅ አይደለም፤ ግን እሠራዋለሁ» አሉ። ባለቤታቸው እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ። እንዝርቱ ከጭናቸው ላይ ተንከባሎ ወደ መሬት ሲወርድ ክሩ ከጣታቸው መሐል እየቀጠነ ይወጣል፤ ዓይናቸው ግን እንግዶቹ ላይ ነበር። እኛ ስለ ፊልሙ ስናወራ፣ ልጁ ኃይሉን ከበርኖሱ እንደሚያገኝ ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ «አባባ ሠሩት ትላላችሁ፤ ማን ፈተለው?» አሉ። ሸማኔው ሳቁ። «እውነቷን ነው፤ እኔ የምሠራው እሷ የፈተለችውን ነው» አሉ። ዳይሬክተራችን ደብተሩን አውጥቶ እዚያው መጻፍ ጀመረ። በመንዝ ሱፉን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፣ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው፤ እኛ በክፍል አንድ የጠየቅነው ስለ ሸማኔው ብቻ ነበር። የክፍል ሁለት ጀግና ያንን ክር የፈተለችው ልጅ ሆነች። ኃይሉ ከጥንት ጀምሮ ክሩ ላይ ነበረ፤ ልጁ ሲሄድ ወደ ምንጩ ተመለሰ። ድርሰቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሱ እግር ሄደ።

ችግር ላይ ላላችሁ ደራስያን የምመክረው ይህን ነው፤ ተከታዩ ታሪክ ሲጠፋባችሁ አዲስ ጭራቅ ከውጭ አታምጡ። ክፍል አንድ ውስጥ በር ላይ ቆሞ የቀረ ሰው አለ፤ እሱን ፈልጉ። በርኖስ ለልዕለ ጀግና አይሆንም የሚሉም ነበሩ፤ ላስቲክ የመሰለ ጥብቅ ልብስ ካልሆነ ያሉን አሉ። ለእነሱ የምለው የብላክ ፓንተር የአልባሳት ባለሙያ ሩት ካርተር ከሌሶቶ ሕዝብ ብርድ ልብስ ሳይቀር መነሻ ወስዳ፣ በ2019 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ኦስካር መሸለሟን ነው።

ልብስን በተመለከተ ዛሬ የምንሠራበት ደንብ አለን። እያንዳንዱ ዋና ልብስ በአራት አቅጣጫ በነጭ ብርሃን ፎቶ ይነሳል፣ በሜትር ይለካል፣ ከጨርቁ ቁራጭ ተቆርጦ በፖስታ ይቀመጣል። በርኖሱን ደግሞ በሁለት አሠራነው፤ አንዱ ለቅርብ ቀረጻ፣ አንዱ ለመሬት ለመንከባለል። ለሩጫ ከቀላል ጥቁር ጨርቅ ሦስተኛ ሰፋን፤ ምክንያቱም ሱፍ ዝናብ ሲጠጣ ክብደቱ አያስሮጥም። ጥቁር ሱፍ ብርሃንም ይውጣል። ከፊት ብቻ ብርሃን ከሰጣችሁት ተዋናይዋ ፊትና እጅ ብቻ ሆና ትታያለች። መብራቱን ወይም ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ ከኋላዋ በትከሻዋ በኩል አድርጉት፤ የበርኖሱ ጠርዝ ያኔ ከጨለማው ተለይቶ ይወጣል።

ከዚያ ክፍል አንድን ወደ ቀረጽንባት የመንዝ መንደር ተመለስን፤ አልተቀበሉንም። ክፉ ቃል የተናገረን የለም፤ ቡና ተፈላልን፣ ቆሎ ቀረበልን፣ ግን የአውድማው ባለቤት «ዘንድሮ አይመችም» አሉ፣ ጎረቤታቸውም እንዲሁ። ነገሩ የገባን አንዲት ልጅ ወደ መኪናችን መጥታ «ፊልሙን እናሳያችኋለን ብላችሁ አልነበር?» ስትለን ነው። ያን ቃል የሰጠው ከእኛ አንዱ ነው፤ ማን እንደሆነ ማጣራት ጥቅም አልነበረውም፤ መንደሩ የሚያውቀው ፊልም ሠሪዎቹን እንጂ አንዱን ሰው አይደለም።

ጄነሬተርና ፕሮጀክተር ተከራይተን፣ ነጭ አንሶላዎች አሰፍተን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰቀልን። ሲመሽ ሰው ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጣ። ልጆቹ የገዛ በጋቸውን አንሶላው ላይ ሲያዩ ጮኹ። ጀግናው አውድማ ላይ የሚዋጋበት ትዕይንት ሲደርስ ግን ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ጮክ ብለው «አውድማ ላይ ጫማ!» አሉ፤ ከኋላም ማጉረምረም ተሰማ። እህል ክቡር ነውና አውድማ በጫማ አይረገጥም። ይህን ከመካከላችን ገበሬ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ካሜራ ሲቆም ግን የተዋናዩን እግር ያየ አልነበረም። ፊልሙ ሲያልቅ እኚያን እናት ፈልገን ቀጣዩን ፊልም ከመቅረጻችን በፊት ትዕይንቶቹን እንዲያዩልን ለመንናቸው። «ካላፈራችሁብኝ እናገራለሁ» አሉ። ከቀረጻ ቦታ አልተለዩም፤ የውኃ መቅጃውን፣ የሞሰቡን አቀማመጥ፣ ለእንግዳ የሚነሳበትን ሥርዓት ሁሉ አቃኑልን። የሚገባቸውን ክፍያ እንደ ማንኛውም ባለሙያ በየሳምንቱ ከፈልን። ከዚያ ምሽት በኋላ አውድማም፣ በሬም፣ ቤትም አልተከለከልንም።

የቀረጻውን መርሐ ግብር ያወጣሁት ከሰዉ ኑሮ ተነስቼ ነው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ገበያ ቀን አጃቢ ተዋንያን አይገኙም። በበዓል ቀን ሰው እርሻ ስለማይሄድ ይገኛል፤ ሆኖም ቅዳሴ ሳይወጣ ሰውን ማስቸገር፣ በቤተ ክርስቲያን አቅራቢያም ድምፅ ማሰማት ነውር ነው። ረቡዕ፣ ዓርብና ሌላውም ጾም ሲሆን የምሳ ሰዓት ይለወጣል፤ ሽሮና ምስር ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም አስቡበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ አዛውንት ፀሐይ ላይ አይቆምም። ለአጃቢ ተዋንያን በዕለቱ ክፈሉ። «በሚቀጥለው ስንመጣ» የሚባል ክፍያ ክፍል ሦስት ላይ ይጠብቃችኋል።

አንኮበር ላይ ያሰብነውን ያህል አልተቸገርንም። ከደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጥንቱ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ወደ ቆላው ሲታይ ያለ ምንም የኮምፒውተር ሥራ የልዕለ ጀግና ዓለም ይመስላል። ጣርማበር ግን ትዕግሥታችንን ፈተነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ዋሻ በር ላይ ውጊያ ልንቀርጽ ነበር። መንገዱ ወደ ደሴ የሚወስድ ዋና መንገድ ስለሆነ መኪና ማስቆም አይታሰብም፤ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተነጋግረን ከመንገዱ ራቅ ብለን ለመሥራት ተስማማን። ሌላው ጉም ነው። ከቆላው በኩል ሲወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ገደሉን ይሸፍነዋል፤ ግማሹን በፀሐይ የቀረጻችሁት ትዕይንት ግማሹ በጉም ይሆናል። መፍትሔያችን ሰፋፊውን እይታ ጠዋት ማለዳ መጨረስ፣ ከሰዓት የፊት ለፊት ንግግሮችን ብቻ መቅረጽ፣ ጉም ከመጣ የሚቀረጽ አንድ ትዕይንት ደግሞ ሁልጊዜ በመጠባበቂያ መያዝ ነበር። ከፊልሙ እጅግ የምወደው ትዕይንት ከዚያ መጠባበቂያ የተገኘ ነው።

ጓሳ ሌላ ዓለም ነው። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ይጀምራል፤ ሕዝቡ ሣሩን ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ቦታ ነው። ፈቃድ የምትጠይቁት ከወረዳ ብቻ አይደለም፤ የማኅበረሰቡን ጠባቂዎች አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ከእነሱም አንዱ አብሯችሁ ይዋል። እኛ ያለ እነሱ ቃል ትሪፖድ አልተከልንም። እሳትና ጭስ ያለበትን ትዕይንት ከጓሳ አውጥተን ሌላ ቦታ ቀረጽነው፤ ያ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን የሰው ሀብት ነው። ጭላዶቹን የቀረጽነው ባሉበት፣ በርቀት ነው። እንዲጠጉ ብላችሁ ዳቦ አትወርውሩ። ድሮን የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ያለ ፈቃድ ማብረር መሣሪያችሁንም ሥራችሁንም ያሳጣችኋል።

ብርዱ ለመሣሪያ ጠላት ነው። ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ሙሉ የነበረው ባትሪ ጠዋት ሳይቆይ ይሞታል። ባትሪዎቹን ከጋቢያችን ሥር፣ ደረታችን ላይ በኪሳችን እንይዝ ነበር፤ የሞተ የመሰለውም ሲሞቅ ጥቂት ይመለሳል። ከብርድ የመጣ ካሜራ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ወዲያው ከከፈታችሁት ሌንሱ ጤዛ ይይዛል፣ ውስጡም ይረጥባል። በፌስታል አስራችሁ ቦርሳው ውስጥ ተዉት፤ ራሱ ቀስ ብሎ ይሙቅ። በተጨማሪም ቤት ውስጥ በመብራት ስትቀርጹ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን የጊዜ ርዝመት) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ፤ አለበለዚያ አንዳንድ መብራት በምስሉ ላይ ሲርገበገብ ታያላችሁ፤ ይህ ደግሞ በቅንብር ለማጥፋት እጅግ አድካሚ ነው።

አሁን ልቤ ላይ ወዳለው ልምጣ። ጀግናዋ ከገደል ጫፍ የምትዘልበትን ትዕይንት በገመድ ልንሠራ ነበር። ቦታው ዝቅ ያለ ሜዳ ነው፣ ከሥር ገለባና ፍራሽ ነጥፏል፣ ገመዱ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ታስሯል። በልምምዱ ሁሉ ደህና ነበር። ቀረጻው ላይ ግን የራሰው በርኖስ ክብደት ተጨምሮ ቅርንጫፉ ተሰነጠቀ። ልጅቱ ገለባው ላይ ወደቀች፤ እጇ ላይ ታመመች፣ እግዚአብሔር ይመስገን አጥንቷ አልተሰበረም። እኔ ያን ድምፅ፣ የቅርንጫፉን ስንጥቅታ፣ እስካሁን እሰማዋለሁ። ቀረጻውን አቆምን። እናቷ ዘንድ ሄደን ቁጭ ብለን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። «ጀግና ትሁን ብዬ ነው የሰጠኋችሁ፤ በሕይወት መልሱልኝ» አሉን።

በትልቅ ገንዘብ በሚሠራ ፊልም ላይም ይህ ይደርሳል፤ የብላክ ፓንተር ተከታይ ሲቀረጽ ተዋናይዋ ሌቲሺያ ራይት እ.ኤ.አ. በ2021 ቦስተን ላይ ተጎድታ፣ እስክትድን ቀረጻው ለሳምንታት ቆሞ ነበር። እነሱ ይህን የሚያስችል አቅም አላቸው፤ በእኛ አገር አንድ ስብራት የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ስለዚህ ደንብ አወጣን። ማንኛውም ሰው፣ ሻይ የምታፈላውም ብትሆን፣ «ይቁም» ካለች ቀረጻ ይቆማል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሰው የሚሰቀልበት ገመድ ከተዋናይዋና ከልብሷ በእጥፍ በሚከብድ የአሸዋ ከረጢት ሳይፈተን ሰው አይሰቀልበትም። ከሰው ቁመት በላይ ዝላይ የለም። አንድ መኪና ሞተሩ ተፈትሾ፣ ሾፌሩ ሳይለየው ለሕክምና ብቻ ይቆማል። የሕክምና ገንዘብ ከበጀቱ ላይ አስቀድሞ ይነሳል እንጂ ሲያስፈልግ አይለመንም።

ያን ዝላይ በመጨረሻ እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ። እግሯ ከመሬት ሲለቅ በቅርብ፣ በርኖሱ አየር ላይ ሲዘረጋ ከታች ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ስታርፍ በጉልበቷ። ሦስት ቁርጥ ነው፤ ሁሉም የተቀረጸው ከወገብ የማይበልጥ ድንጋይ ላይ ነው። ተመልካቹ ገደሉን በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል። ይህን ከመጀመሪያው ብናስበው ኖሮ ገመድም ባላስፈለገን።

በኮምፒውተር የሚሠራውንም በዚሁ መንፈስ ቀነስነው። በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት የቆመ የበርኖስ ጠርዝ ፀጉሩ ስለሚበዛ ከጀርባው ለይቶ ማውጣት እጅግ ይከብዳል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ነፋሱ ጨርቁን አያስቆመውም። ጥቂት የውርጭ ትዕይንቶችን ብቻ መርጠን ጉልበታችንን እዚያ ላይ አዋልን። ውርጩን ራሱን ግን ደብረ ብርሃን ሰጠችን፤ በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ የወረደውን ነጭ ውርጭ ፀሐይ ሳትነካው በቅርብ ቀርጸን፣ የኮምፒውተሩን ሥራ በእሱ ላይ አሳረፍነው። የክፍል አንድ የውርጭ ፋይሎች ቢኖሩ ኖሮ ሥራው በግማሽ ይቀል ነበር፤ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ የተረፈን ያለቀው ፊልም ብቻ ነው። አሁን የእያንዳንዱ ቀን ቀረጻ ሦስት ቅጂ አለው። ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ዲስክ ላይ ናቸው፤ ሦስተኛው ከሥራ ቦታችን ውጪ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ድንገት እንዳይጠፋ ዩፒኤስ ግዙ፤ ከሌንስ በፊት እሱን ግዙ።

ድምፁን የሠራልን ልጅ ለቡሔ ወደ አገሩ ሲሄድ መቅረጫ ይዞ ሄደ። ልጆቹ ሜዳ ላይ ጅራፍ ሲያጮኹ ከቅርብም ከሩቅም ቀርጾ አመጣ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው፤ ስለዚህ ድምፁ ድንገተኛና ጠንካራ ነው፣ የመቅረጫውን የድምፅ መጠን ዝቅ ካላደረጋችሁት ይሰነጠቃል። ከተራራው ተመልሶ የሚመጣው ገደል ማሚቶ ደግሞ ተጨምሮበት የጀግናዋ ምት ድምፅ ሆነ። ከኢንተርኔት የወረደ የፍንዳታ ድምፅ እዚህ ፊልም ውስጥ አንድም የለም። ሰው አዳራሽ ውስጥ ሲሰማው ምን እንደሆነ ሳያውቀው የሚያውቀው ድምፅ እንዲሆንለት ፈለግን።

ገንዘቡን በተመለከተ በአጭሩ፦ ግማሹ ከቡድኑ እቁብ፣ ግማሹ ከሁለት ነጋዴዎች መጣ። ከነጋዴዎቹ አንዱ ሱቁ በፊልሙ ውስጥ እንዲታይ ፈልጎ ነበር፤ በመንደሩ ታሪክ ውስጥ ቦታ ስለሌለው ስሙ በመጨረሻው ምስጋና ላይ በትልቁ እንዲጻፍ ተስማማን። ከመፈራረማችሁ በፊት የማይሆነውን አይሆንም በሉ፤ ብሩን ከበላችሁ በኋላ አፍ አይኖራችሁም። መንገድ ተዘግቶ የቆምንባቸው ሳምንታትም ነበሩና ከበጀታችሁ አንድ አምስተኛውን ሳትነኩ አስቀምጡ።

አሁን የምስሉ ቅንብር አልቆ የቀለም ሥራና የድምፅ ቅልቅል ቀርቷል። ዋናው ተዋናይ ከሄደበት አገር ድምፁን በስልክ ቀርጾ ልኮልናል፤ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ለፈታይዋ የሚያነብላት ደብዳቤ ነው። የሚታይበትን ቀን ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ክፍል አንድ ላይ ቀን ቀድመን አውጥተን የድምፅ ቅልቅሉ ሳያልቅ ስለተጣደፍን፣ በዚህኛው የመጨረሻው ቅጂ እጃችን ሳይገባ ቀን አንናገርም። የመጀመሪያው እይታ ግን ደብረ ብርሃን አይሆንም፤ እዚያው መንደር፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ጄነሬተሩን ከወዲሁ ተከራይተናል። የተጠቀምንበትን የውል ረቂቅና የአልባሳት መመዝገቢያ ቅጽ የሚፈልግ የሰሜን ሸዋ ፊልም ሠሪ ካለ፣ ያለ ክፍያ እንሰጣለን፤ ውሉን ግን ከመፈረማችሁ በፊት ለአካባቢያችሁ የሕግ ባለሙያ አሳዩት።